ጎማው ሳይፈነዳ እንነጋገር

በሞተር ሳይክል ወደ ጉባኤ ለሚጓዙ አገልጋዮችና ባለትዳሮች

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በአምቦ መንገድ ላይ የምትገኘው ሳንሱሲ ስሟ ሲጠራ ከሁለት የፈረንሳይኛ ቃላት ጋር ይመሳሰላል። የቃላቱ ትርጉም «ያለ ሐሳብ» ወይም «ያለ ጭንቀት» ማለት ነው። የፕሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ በጀርመኗ ፖትስዳም አሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1747 ያስመረቀው ቤተ መንግሥትም ይህንኑ ስም ይዟል፤ ንጉሡ ከመንግሥት ሥራ የሚያርፍበት ቤት ነበር። የእኛዋ ሳንሱሲ ግን ከማሳረፍ ይልቅ መንገደኛ ማሳለፍ ይበዛባታል። ከአስኮ የመጣው ተጓዥ በእርሷ በኩል አድርጎ ወደ ቡራዩ፣ ገፈርሳን አልፎ ወደ ሆለታ፣ ከዚያም ወደ አዲስ ዓለም፣ ጊንጪና አምቦ፣ ሲበረታም እስከ ባኮና ነቀምቴ ይዘልቃል።

ወንጌል በዚህ በምዕራቡ አቅጣጫ በእግርና በበቅሎ የተጓዘበት ዘመን ያን ያህል ሩቅ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ኦነሲሞስ ነሲብ ከብዙ ዓመታት ሙከራና እንግልት በኋላ ነቀምቴ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1904 ነበር። የዚያ ዘመን መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት የበቅሎዋን ሰኮና ያይ ነበር፤ ሰኮናዋ የታመመ በቅሎ ባለቤቷን ሜዳ ላይ እንደምትጥለው ያውቃልና። ዛሬ ብዙ ወንጌላውያንና ባለትዳሮች በሞተር ሳይክል ወደ ጉባኤ ይሄዳሉ። ሰኮናው በጎማ ተተክቷል። ሰኮናውን የማየቱ ልማድ ግን አብሮን መጥቷልን?

ሁለት ሰዎች፣ ሁለት ዝምታዎች

እስቲ አንድ ባልና ሚስት እናስብ። ሁለቱም በአንድ አጥቢያ ያገለግላሉ። አምቦ ላይ የሦስት ቀን ጉባኤ አለ፤ ሌሎች ሞተረኞች ወንድሞችም አብረው ይሄዳሉ። ባልየው የኋላ ጎማው ጥርስ ማለቁን ካወቀ ወር አልፎታል። ለሚስቱ ግን አልነገራትም፤ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ የደረሰበት ወር ነውና «ደግሞ ለሞተሩ!» የምትለው መስሎታል። እርሷም በዝናብ ዕለት ሞተሩ ከኋላ ሲንሸራተት ተሰምቷታል። ይሁን እንጂ «አገልግሎቱን ተቃወመች» እንዳትባል ዝም ብላለች። ሁለቱም ስለ ጉዞው ይጸልያሉ፤ የሚጸልዩት ግን ለየብቻቸው፣ የሚፈሩትንም ነገር ሳይነጋገሩ ነው። በጉዞው ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ሁለቱ በአንድ ባለቀ ጎማ ላይ ተቀምጠው ከሳንሱሲ ይነሣሉ።

ይህ ታሪክ የማንም የግል ታሪክ አይደለም፤ ነገር ግን ለብዙ ቤት እንግዳ የሚሆን አይመስለንም። ስለ ጎማ መነጋገር ስለ ገንዘብ መነጋገር ነው። ስለ ገንዘብ መነጋገር ደግሞ ስለ ፍርሃትና ስለ መተማመን መነጋገር ነው። ስለዚህ የጎማ ነገር ለባል ብቻ የሚተው የመካኒክ ጉዳይ ሳይሆን የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

እምነት ወይስ ቸልተኝነት?

«ጌታ ይጠብቀናል» ማለት እውነት ነው። በዚህ እውነት ስም ጎማን ሳያዩ መነሣት ግን ሌላ ነገር ነው። ዲያብሎስ ጌታችንን በመቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር በጠየቀው ጊዜ፣ ለመጥቀስ የሞከረው የእግዚአብሔርን ጥበቃ የሚናገር ቃል ነበር። ጌታ ግን የአባቱን ጥበቃ ሳይጠራጠር፣ አባቱን ለመፈታተን እምቢ አለ (ማቴ. 4፥5-7)። በባለቀ ጎማ እየበረሩ መላእክትን መጠበቅም ከዚያ መወርወር ብዙም አይርቅም።

በዘዳግም 22፥8 ደግሞ አንድ ተግባራዊ ሕግ እናገኛለን። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ከጣሪያው ላይ ሰው ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይመጣ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። ልብ በሉ፤ መከታው የሚሠራው ማንም ሳይወድቅ ነው። ሕጉም በዋነኝነት የሚያስበው ወደዚያ ቤት ስለሚወጣው ሌላ ሰው ነው። በሞተር ላይ ያ ሌላ ሰው ከኋላ የተቀመጠችው ሚስት ናት። እርሷ መሪውን አልያዘችም፣ ፍሬኑም ከእጇ የለም፤ የተደገፈችው በባሏ ጥንቃቄ ላይ ነው። ጥሩ ጎማ እንግዲህ የሞተረኛው የጣሪያ መከታ ነው ማለት ይቻላል።

ሌሎች ሞተረኞች እንዴት ያደርጋሉ?

በአሜሪካ፣ ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ በምትገኘው በስተርጂስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1938 የተጀመረ የሞተረኞች መሰባሰቢያ አለ። በየዓመቱ በነሐሴ ወር ሞተረኞች ከአገሪቱ ዳርቻዎች ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር እየነዱ ወደዚያ ይጎርፋሉ። የሞተር ጎማ ከመኪና ጎማ ፈጥኖ ስለሚያልቅ፣ ረጅም መንገድ የሚመጣ ሰው ጎማውን የት እንደሚቀይር አስቀድሞ ያቅዳል። አንዳንዱ ከቤቱ ሳይነሣ ይቀይራል። ሌላው በመንገዱ አጋማሽ ባለ ከተማ ወዳለ ሱቅ ደውሎ በልኩ የሆነ ጎማ ያስቀምጣል። ሌላው ደግሞ በመሰባሰቢያው ስፍራ ከሚገኙ ጎማ ሻጮች ዘንድ ቀጠሮ ይይዛል።

ከእነዚህ ሞተረኞች መካከል ክርስቲያኖችም አሉ። ኸርብ ሽሪቭ የተባሉ የአርካንሶ መጋቢ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከጉርምስና ልጃቸው ጋር የነበራቸው ግንኙነት ሻክሮ ነበር። ልጃቸውን መልሰው ለማቅረብ ሞተር ሳይክል ገዝተው አብረውት መንዳት ጀመሩ። አባትና ልጅ በየመሰባሰቢያው ሲዞሩ ወንጌል ያልደረሰውን የሞተረኞች ሕዝብ አዩ፤ በ1975ም የክርስቲያን ሞተረኞች ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ እስከ ዛሬ የሚያገለግል ሲሆን፣ ከሚያሰባስበው ገንዘብ በልዩ ልዩ አገሮች ለሚገኙ አገልጋዮች መጓጓዣ እንዲገዛ ይረዳል። ይህ አገልግሎት የተጀመረው በአንድ ቤት ውስጥ የተበላሸን ግንኙነት ለመጠገን በተደረገ ጉዞ መሆኑ ለባለትዳሮችም ትምህርት አለው። በአንድ ሞተር ላይ አብሮ መሄድ ሰዎችን ሊያቀራርብ ይችላል፤ የጉዞውን ዝግጅት አብሮ ማድረግ ደግሞ ይበልጥ ያቀራርባል።

ጎማውን እናንብብ

የጎማን ሁኔታ ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ከጉዞው ሦስት ሳምንት ያህል አስቀድሞ ባልና ሚስት አብረው ግማሽ ሰዓት ቢሰጡት ይበቃል።

በመጀመሪያ ጥርሱን እንይ። በብዙ ጎማዎች ጥርስ መካከል ከሌላው ከፍ ያሉ ትንንሽ የላስቲክ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ አልቆ ከእነዚህ ጉብታዎች ጋር እኩል ከሆነ ጎማው ሥራውን ጨርሷል። ለመለካት የክብሪት እንጨት ወደ ጥርሱ ውስጥ አስገብተን በጥፍር ምልክት ማድረግና በማስመሪያ ማየት እንችላለን። ለምሳሌ ጎማው ሲገዛ 6 ሚሊ ሜትር ከነበረና ከ6,000 ኪሎ ሜትር በኋላ 3 ሚሊ ሜትር ከቀረው፣ በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ 1 ሚሊ ሜትር ይበላል ማለት ነው። እንግዲህ የቀረው ጥርስ ለጉዞው ደርሶ መልስ ይበቃ እንደሆነ ማስላት ቀላል ነው። ከሳንሱሲ አምቦ ደርሶ መልስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ነቀምቴ ከሆነ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ሁለት ሰውና ጓዝ ሲጫን የኋላው ጎማ ከወትሮው ፈጥኖ እንደሚያልቅም አንዘንጋ።

ሁለተኛ ዕድሜውን እንይ። በጎማው ጎን ላይ «ዲ ኦ ቲ» ከሚሉት የላቲን ፊደላት ጋር በተጻፈው ረድፍ መጨረሻ አራት አሃዞች ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመተ ምሕረቱን ያመለክታሉ። እዚህ ላይ ለእኛ አገር ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ አቆጣጠሩ የፈረንጆች ነው። 3018 የሚል ጎማ በእኛ 2018 ዓ.ም. የተሠራ አዲስ ጎማ ሊመስለን ይችላል። የተሠራው ግን እ.ኤ.አ. በ2018 በ30ኛው ሳምንት፣ ማለትም በእኛ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው። ሚሸሊንን የመሰሉ አምራቾች ጎማ ሥራ ላይ ከዋለ ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተሠራ አሥር ዓመት የሞላው ደግሞ ጥርስ ቢኖረውም እንዲለወጥ ይመክራሉ። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል። ስለዚህ «አዲስ ነው» ተብሎ የሚሸጥልን ጎማ ሱቅ ውስጥ ስንት ዓመት እንደቆየ ከመክፈላችን በፊት እናንብብ።

ሦስተኛ ልኩን እንመዝግብ። 3.00-18 የሚል ጎማ ወርዱ 3 ኢንች፣ የሚገባበት ቸርኬም 18 ኢንች ነው። የፊትና የኋላ ጎማ ልክ ብዙ ጊዜ ይለያያል። ባለ ሽቦ ቸርኬ የሆኑ ሞተሮች አብዛኞቹ በውስጣቸው ከለመዳሪ፣ ማለትም ንፋስ የሚይዝ የውስጥ ላስቲክ አላቸው። ከለመዳሪ የሌለው ጎማ ሚስማር ቢወጋው ሳይወልቅ ከውጭ ሊደፈን ይችላል፤ ባለ ከለመዳሪው ግን መውለቅ አለበት። የእኛ ሞተር የትኛው እንደሆነ ሳናውቅ ለመንገድ የሚሆን መሣሪያ መግዛት አንችልም። ይህን ሁሉ ሚስት በስልኳ ወይም በማስታወሻ ደብተሯ ብትይዘው፣ ባል መንገድ ላይ ቢጨነቅ እንኳ የሚመልስ ሰው አለ።

የትና መቼ ይቀየር?

ከሳንሱሲ ለሚነሣና እስከ አምቦ ለሚሄድ ሰው ምርጫው ግልጽ ነው፤ እዚሁ ይቀየር። ቢቻል ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይሁን። ምክንያቱም አዲስ ጎማ ላዩ ልሙጥ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊያንሸራትት ይችላል። ይህን ርቀት በየዕለቱ የሥራ መንገድ፣ ብቻችንንና በዝግታ ብንጨርሰው በጉዞው ቀን ሁለት ሆነን በተፈተነ ጎማ እንነሣለን። በጉዞው ዋዜማ ማታ ጎማ ቀይሮ ሌሊት የሚነሣ ሰው ግን ጎማውንም፣ የገጠመለትን ሰው ሥራም የሚፈትነው ሚስቱን ከኋላ ጭኖ ነው።

ጉዞው ረጅም ከሆነና ጎማው ለመሄጃ በቅቶ ለመመለሻ የሚያሳስብ ከሆነ፣ በጉባኤው ከተማ መቀየር ይቻላል። ያን ጊዜ በዚያ ከተማ ባለ ወንድም ወይም እህት በኩል ሦስት ነገር ማስጠየቅ ይገባል። በልካችን የሆነ ጎማና ከለመዳሪ አለ ወይ? ጎሚስታው የሞተር ጎማ ይገጥማል ወይ? በየትኛው ቀንና ሰዓት እንገናኝ? የመኪና ጎማ የሚሠራ ሁሉ የሞተር ጎማ ይሠራል ማለት አይደለምና ሁለተኛው ጥያቄ አይታለፍ። የእኛ ጉባኤዎች ብዙ ጊዜ ሕዝብ ከሥራ በሚያርፍባቸው በዓላት ዙሪያ ይውላሉ፤ በዚያው ቀን የጎሚስታው ቤትም ሊዘጋ ይችላል። ቀጠሮው በበዓሉ ዋዜማ ወይም ማግስት ይሁን። የምዕራቡን ረጅም መንገድ የሚያስብ ሁሉም ስለ መንገዱ ሰላም በየከተማው ያሉ ቅዱሳንን ጠይቆ ይነሣ።

ሌላም አለ። የአዲስ አበባ አስተዳደር በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በከተማዋ በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ጥሎ ፈቃድ እንዲያስፈልግ ማድረጉ ይታወሳል። ስለዚህ ከከተማዋ የሚነሣም ሆነ ወደ ከተማዋ የሚመለስ ሞተረኛ ጎማውን ሲያይ ወረቀቱንም አብሮ ይይ።

ጎሚስታው ዘንድ

ጎማው ሲቀየር ቆሞ ማየት ጎሚስታውን መጠርጠር አይደለም። አዲስ ጎማ ሲገባ ከለመዳሪውም አዲስ ቢሆን ይመረጣል፤ ያረጀ ከለመዳሪ ተለጥጦ ስለሚቀር በአዲሱ ጎማ ውስጥ ሊታጠፍና ሊቀደድ ይችላል። በጎማው ጎን ላይ ቀስት ካለ ወደ ፊት የሚሽከረከርበትን አቅጣጫ ያሳያል፤ ተገልብጦ እንዳይገባ እንይ። ጎማው ከቸርኬው ጋር በሁሉም በኩል እኩል መቀመጡን ለማወቅ ከጠርዙ አጠገብ ያለውን ክብ መስመር ዙሪያውን እንመልከት። የኋላ ጎማ ሲወልቅ ካቴናውና ፍሬኑም ስለሚነኩ፣ ሲመለስ የካቴናው ልክ፣ የዋናው ብሎን ዳዶ መጥበቅና የፍሬኑ መያዝ ይረጋገጥ። ከግቢው ሳንወጣ ፍሬኑን ደጋግመን እንጫን።

ንፋሱን በጣት መትቶ መገመት ልማድ ሆኗል፤ ነገር ግን በመለኪያ መሞላት አለበት። ትክክለኛው መጠን በሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ወይም በሞተሩ አካል ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይገኛል። ከኋላ ሰው ሲጫን የሚሞላው ንፋስ ብዙውን ጊዜ ከፍ ይላል። የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ከመነሣታችን በፊት ነው።

ጎሚስታው ብዙውን ጊዜ ከጠዋት እስከ ማታ ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ወጣት ነው። ተከራክረን ከዋጋው ላይ ጥቂት ብር ከቀነስን በኋላ «ወደ ወንጌል ጉባኤ ልንሄድ ነው» ብንለው ምን ይሰማዋል? የሚገባውን መክፈል፣ ስሙን መጠየቅና ማመስገን የጉዞው የመጀመሪያ ምስክርነት ነው።

መንገድ ላይ

ዝግጅት ሁሉ ተደርጎም ሚስማር መንገድ ላይ ይጠብቃል። ስለዚህ በቡድን የሚጓዙ ሞተረኞች ቢያንስ አንድ መንፊያ፣ ጎማ ማውለቂያ ብረቶች፣ የዋናውን ብሎን የሚፈታ ቁልፍ፣ ፓችና ማጣበቂያ፣ በየሞተሩ ልክም ትርፍ ከለመዳሪ ይያዙ። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይምራ፤ ጥገና የሚችለው ደግሞ ከሁሉ ኋላ ይሁን። ጎማ የተነፈሰበት ሰው በተፈጥሮው ወደ ኋላ ይቀራል፤ የሚያገኘውም ከኋላው የሚመጣው ነው። መክብብ 4፥9-10 ስለ ሁለት ሰዎች መሻል የሚናገረው አንዱ ሲወድቅ ሌላው ስለሚያነሣው ነው፤ ይህም የሚሆነው ሌላው ጥሎት ካልሄደ ብቻ ነው።

ጎማ በድንገት ቢተነፍስ ፍሬን በኃይል አይያዝ። መሪውን አጥብቆ ይዞ፣ ነዳጁን ቀስ ብሎ ለቅቆ፣ ሞተሩ በራሱ ፍጥነቱን ሲቀንስ ወደ ዳር መውጣት ነው። ከኋላ የተቀመጠችውም ሳትወዛወዝ፣ ነጂውን ይዛ ቀጥ ብላ ትቀመጥ። ይህን አስቀድመው የተነጋገሩ ባልና ሚስት በዚያች ቅጽበት መጯጯህ አያስፈልጋቸውም። ሄልሜት ደግሞ ለሁለቱም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን ያነጻጸረ ግምገማ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አንድ ሄልሜት ብቻ ያለው ቤት ሁለተኛውን ሳይገዛ ለሁለት መጓዝ የለበትም።

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ?

ብዙዎቻችን ጎማ የምንገዛው ሲፈነዳ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ዱብ ዕዳ ይሆንብናል። ነገር ግን ጎማ እንደሚያልቅ የታወቀ ነው። አንድ ጎማ 12,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነና በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የምንነዳ ከሆነ፣ ጎማው የአንድ ዓመት ዕድሜ አለው። የዋጋውን አንድ አሥራ ሁለተኛ በየወሩ ብናስቀምጥ የልጆች ክፍያና የጎማ ክፍያ አይጋጩም፤ ባልም እንደ ጥፋተኛ አንገቱን አይደፋም፣ ሚስትም እንደ ተቃዋሚ አትታይም። ጌታችን ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ ሲናገር (ሉቃ. 14፥28) ያስተማረው ደቀ መዝሙርነት ሊያስከፍለን የሚችለውን ዋጋ ነው። ምሳሌውን ግን ሰዎች ከሚያውቁት ከዕለት ኑሮ ወሰደ። አባቶቻችንም ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ እንደሚሻል ነግረውናል።

ለአጥቢያዎችም አንድ ቃል አለን። ለወንጌላዊ ሞተር ገዝቶ መስጠት መልካም ነው፤ በምርቃቱ ቀን ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ይጸለያል። ከሁለት ዓመት በኋላ ጎማው ሲያልቅስ? ከትንሽ ደመወዙ ከልጆቹ ምግብና ከጎማው እንዲመርጥ የተተወ አገልጋይ ብዙ ጊዜ ምግቡን ይመርጣል፤ በባለቀ ጎማም ወደ ገጠር ይወርዳል። የሞተር በጀት ያለው አጥቢያ የጎማና የጥገና በጀትም ይኑረው። የአገልጋዩንም ሚስት «ጎማው እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቃት አንድ ሽማግሌ ይኑር፤ እርሷ እውነቱን ታውቃለችና።

ለባልና ሚስት መወያያ

1. ስለ ሞተራችን ወይም ስለ መኪናችን ሁለታችንም የምናውቀው፣ ግን ያልተነጋገርንበት ነገር አለ?

2. ስለ ወጪ ስንነጋገር አንዳችን ሌላውን የምንፈራው ለምንድን ነው?

3. በዚህ ወር ለጎማ ምን ያህል እናስቀምጥ? የት?

4. «ጌታ ይጠብቀናል» የምንለው ሥራችንን ሠርተን ነው ወይስ ሥራችንን ላለመሥራት?

ሳንሱሲን አልፈው ወደ ምዕራብ የሚወርዱ ሁሉ፣ ያለ ጭንቀት የሚጓዙት የሚያሳስብ ነገር ስለሌለ አይደለም። የሚያሳስበውን ተነጋግረው፣ የሚቻላቸውን አድርገው፣ የማይቻላቸውን ለጌታ ስለ ሰጡ ነው። በዚህ ሳምንት ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ባትሪና የክብሪት እንጨት ይዛችሁ አብራችሁ ወደ ሞተሩ ውረዱ። ጎማውን እዩ፤ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁም በዚያው ጸልዩ። ጌታ መውጣታችሁንና መግባታችሁን ይጠብቅ።